ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከጨቅላ ሕፃን ጋር፦ ከወረቀቱ እስከ አያት ቤት

ከዋሽንግተን ደለስ ተነሥቶ ቦሌ የሚያርፈው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ለአያቶቹ ሊያሳዩ የሚዘጋጁ ወላጆች የሚጠይቁኝ ሁሉ ስለ እነዚህ 13 ሰዓታት ነው። ቢያለቅስብኝስ? ጆሮውን ቢያመውስ? ጎረቤቴ የተቀመጠው ሰው ቢቆጣስ? ከልጆቼ ጋር በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ለጓደኞቼም ሻንጣ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ከሁሉም የቀለለው አውሮፕላን ውስጥ ያለው ጊዜ ነው። የሚከብደው ከመሳፈር በፊት ያሉት ወራትና አያት ቤት ከተገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች በወረቀቱ፣ በሐኪሙና በአያት ቤት ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ከሌላ ከተማ የምትነሡም ከሆነ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

1. መቼ እንደምትሄዱ ወስኑ

ምርጫ ካላችሁ፣ ልጁ ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ወስዷል፤ ገና አይድህም፤ በአውሮፕላኑ የሕፃን አልጋ ውስጥ ይበቃል፤ ጡት ከያዘ ዝም ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ምክር፣ በቀኑ የተወለደ ጤነኛ ልጅ ቢቻል 2 ወይም 3 ወር እስኪሞላው ይቆይ የሚል ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ትኩሳት ከያዘው ወዲያውኑ ሐኪም ሊያየውና ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ከውቅያኖስ በላይ ሆኖ ይህን ማድረግ አይቻልም። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የልብና የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ደግሞ ስለ በረራው ብቻ ሳይሆን ስለ አዲስ አበባ ከፍታም ሐኪሙን ሳያማክሩ አይወሰድም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው።

ክርስትናውን አገር ቤት ለማስነሣት የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መሆኑ ግን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። የልደት የምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ከዚያ ፓስፖርት መጠበቅ አለ፤ ዋናዎቹ የመጀመሪያ ክትባቶችም የሚሰጡት በ2 ወር፣ ማለትም በ60ኛው ቀን ገደማ ነው። ለሴት ልጅ ፓስፖርቱን በአስቸኳይ አስወጥቶ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ለወንድ ግን እኔ አልመክርም። ክርስትናውን እዚሁ አስነሥታችሁ፣ ድግሱን አያቶቹ ባሉበት ብታደርጉት ልጁም አያቶቹም ይጠቀማሉ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በዋሽንግተንም ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል።

እናትየዋም አትረሳ። ከወለዱ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ረጅም መቀመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ የበለጠ መጠንቀቅ አለባት። አራስ ሆና የምትበር እናት ሐኪሟን ጠይቃ፣ የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጋ፣ ውኃ እየጠጣች፣ በየጊዜው እየተነሣች መራመድ አለባት።

2. የአሜሪካ ፓስፖርቱን ጀምሩ

ከሁሉ በፊት የሚጀመረው ይህ ነው፤ ትኬት ከመግዛትም በፊት። ጨቅላ ቢሆንም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ቅጹ ዲኤስ 11 ይባላል። ቤት ሞልታችሁ ሂዱ እንጂ አትፈርሙበት፤ የሚፈረመው በተቀባዩ ሠራተኛ ፊት ነው። ፖስታ ቤቶች ማመልከቻውን ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ ቀጠሮውም ራሱ ሊርቅ ይችላል። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩ ገና ካልተሰጠው በቦታው ዜሮ ይሞላል።

ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሁለቱም ወላጆች፣ ልጁን ይዘው፣ በአካል መቅረብ አለባቸው። አንዱ መምጣት ካልቻለ ዲኤስ 3053 የተባለውን የስምምነት ቅጽ በኖተሪ ፊት ፈርሞ፣ ከመታወቂያው ፎቶ ኮፒ ጋር ይልካል። አባትየው አገር ቤት ወይም ዓረብ አገር ያለባቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚያጥርባቸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። የምትይዙት ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት (የሁለታችሁም ስም ያለበትን)፣ የወላጆች መታወቂያ ከነኮፒው፣ አንድ ፎቶግራፍና ክፍያውን ነው። ክፍያው 100 ዶላር ለፓስፖርቱ፣ 35 ዶላር ለተቀባዩ ቢሮ ሲሆን፣ በአስቸኳይ ለሚፈልግ 60 ዶላር ይጨመራል። ከመሄዳችሁ በፊት ዋጋው አለመቀየሩን አረጋግጡ። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው።

ፎቶው ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ አያስጨንቅ። ነጭ አንሶላ አልጋ ላይ አንጥፉ፣ ልጁን በጀርባው አስተኙ፣ በመስኮት ብርሃን ከላይ አንሡት። የማንም እጅ፣ ጡጦም ሆነ አሻንጉሊት መታየት የለበትም። አራስ ከሆነ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ባይከፈትም ይቀበላሉ።

3. የኢትዮጵያ መግቢያና የስም ነገር

ልጁ የሚገባው በአሜሪካ ፓስፖርት ከሆነ ወይ ቪዛ ወይ ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል። ስትፈልጉት ግን የመንግሥቱን ድረ ገጽ መሆኑን አጣሩ፤ እርሱን መስለው ሦስትና አራት እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቢጫ ካርድ የምንለው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ ነው፤ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል። በየዓመቱ ለምትመላለሱ ይረባችኋል፤ ለአንድ ጊዜ ጉዞ ግን ቪዛው ይፈጥናል። እናንተ ራሳችሁ እስካሁን በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የምትጓዙ ከሆናችሁም የልጁ ቪዛ አይቀርም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስብበት ነገር አለ። በእኛ አሰያየም የልጁ መጠሪያ የሚከተለው የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ነው፤ እናት ደግሞ የምትጠራው በራሷ አባት ነው። ስለዚህ እናት ብቻዋን ልጇን ይዛ ስትጓዝ በሁለቱ ፓስፖርቶች ላይ አንድም የሚገጥም ስም የለም። እኛ ዘንድ ይህ ግልጽ ነው፤ ለአሜሪካ የድንበር ሠራተኛ ግን ጥያቄ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀቱ ኮፒ፣ ከዚያም አባትየው «ልጄ ከእናቱ ጋር ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ወደ ኢትዮጵያ እንዲጓዝ ፈቅጃለሁ» ብሎ በኖተሪ የፈረመበት ደብዳቤ። አባት ብቻውን ከሆነ የሚወስደውም እንዲሁ። ደብዳቤውን ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ በእጅ መኖሩ ግን ልብ ያሳርፋል።

4. ትኬቱና የሕፃን አልጋው

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ ጭን ላይ ሲሄድ በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፈልበት አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ነው። በነፃ አይደለም፤ ትኬትም ይቆረጥለታል። አንድ አዋቂ የሚይዘው አንድ ሕፃን ብቻ ስለሆነ መንታ ያላት እናት ብቻዋን ከሄደች ለአንደኛው ወንበር መግዛት አለባት። ልጁ በጉዞው መሀል 2 ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመመለሻው ወንበር ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ ከተገኘ ለጨቅላውም ወንበር ገዝቶ በካር ሲት (በመኪና የሕፃን መቀመጫ) ማስቀመጥ ከሁሉ የበለጠ ደኅንነት አለው፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሚመክረውም ይህንን ነው። ካር ሲቱ ላይ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ በቀይ የተጻፈ ምልክት መኖሩን እዩ። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንሄደው በጭን ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ባሲኔት ነው፤ ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ትንሽ አልጋ። ይህ በራሱ አይመጣም። ትኬቱን በቆረጣችሁ ቀን ደውላችሁ አስይዙ፤ የልጁን ዕድሜና ክብደት ይጠይቋችኋል፤ የክብደት ጣሪያ ስላለው ስንት ኪሎ ድረስ እንደሚቀበሉ እናንተም ጠይቁ። ሳምንት ሲቀር ደግማችሁ ደውሉ፤ በጉዞው ቀን ሻንጣ ስታስረክቡም ሦስተኛ ጊዜ አረጋግጡ። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በሐምሌና በገና ሰሞን ደግሞ አውሮፕላኑ በሕፃን የተሞላ ነው። ያ የመጀመሪያ ረድፍ አንድ ጉድለት አለው፦ ከፊቱ ወንበር ስለሌለ ቦርሳችሁን ሲነሣና ሲያርፍ እግራችሁ ሥር ማስቀመጥ አትችሉም። ለመነሻው የሚያስፈልገውን በኪስ ወይም በትንሽ ቦርሳ ለዩት።

5. ሐኪሙ ዘንድ፣ ቢዘገይ ከአንድ ወር በፊት

የልጁን ሐኪም «ወደ ኢትዮጵያ እንሄዳለን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ የት የት እንደምትሄዱ ንገሩት። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ኩፍኝ አንዱ ነው። በመደበኛው የአሜሪካ ልጆች የኩፍኝ ክትባት የሚወስዱት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከአገር የሚወጣ ከሆነ ግን አንድ ክትባት ቀደም ብሎ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲወስድ ይመከራል። ይህኛው ከመደበኛው ሁለት ዙር አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይጀምራል። ሐኪሙ ካላነሣው እናንተ አንሡት።

ወባ ሌላው ነው። አዲስ አበባ ላይ አያሳስብም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ከ2,500 ሜትር በታች ያለ አገር ከሆነ፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ አርባ ምንጭም፣ ወባ አለ። «አንድ ሌሊት ብቻ ነው» አይባልም፤ ወባ ጨቅላን በፍጥነት ይጎዳል። ለጨቅላ የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒት በክብደቱ የሚወሰን ስለሆነ ሐኪሙ ብቻ ነው የሚያዘው። አጎበር ከዚያም ከዚህም አይቀርም። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት አይቀባም። የእኔ ምክር፣ ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ይምጣ እንጂ እናንተ ወደ ቆላ አትውረዱ። የቢጫ ወባ ክትባትም በመደበኛው ከ9 ወር ጀምሮ ነው፤ ከ6 ወር በታች ፈጽሞ አይሰጥም።

ስለ ትኩሳት መድኃኒትም በዚያው ጠይቁና የልጁን መጠን በክብደቱ አስጽፉ። ከ3 ወር በታች ላለ ልጅ ሐኪም ሳያየው ማስታገሻ አይሰጥም። አይቡፕሮፊን ከ6 ወር በፊት አይሆንም። በበረራው እንዲተኛ ብሎ የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ከዘመድም ከጓደኛም የሚሰማ ምክር ነው፤ አታድርጉት። በጨቅላ ላይ አተነፋፈስን ሊያውክ ይችላል፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶ ያስጨንቀዋል።

6. ሻንጣው

ትልቁ ሻንጣ ብዙ አያሳስብም፤ ዳይፐርም ልብስም አዲስ አበባ ይገኛል። ልጁ የለመደው የዱቄት ወተት ግን ለሙሉው ጊዜ ከእናንተ ጋር ይሂድ፣ ትንሽም ተርፎ። ያ ዓይነት በየሱቁ ላይገኝ ይችላል፤ የወተት ለውጥና የጉዞ ድካም ደግሞ በአንድ ላይ ሆድ ያስቸግራሉ። ካር ሲቱንም ውሰዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃን መቀመጫ ያለው ታክሲ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የሚቀበላችሁን ዘመድ ደግሞ የኋላ ወንበሩ ቀበቶ መሥራቱን ከወዲሁ ጠይቁት። ብዙ አየር መንገዶች ካር ሲትና የሕፃን ጋሪ ያለ ክፍያ ይጭናሉ፤ በትኬታችሁ ላይ አረጋግጡ።

ኤሌክትሪክ አስታውሱ። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። የጡጦ ማሞቂያና የጡጦ መቀቀያ ብዙውን ጊዜ ለ120 ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ሶኬት ላይ እንደገቡ ይቃጠላሉ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ከ100 እስከ 240» ካለ ይሠራል፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። የጡት ወተት ማለቢያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። መብራት ስለሚጠፋ የእጅ ማለቢያም ያዙ።

አውሮፕላን ውስጥ ይዛችሁ የምትገቡት ቦርሳ ነው ልብ የሚፈልገው። ዳይፐር፣ ከቤት እስከ ቤት ያለውን ሰዓት ቆጥራችሁ በሰዓት አንድ፣ በዚያ ላይ ጥቂት ትርፍ። የልጁ ቅያሪ ልብስ ሦስት፣ የእናትየዋም አንድ፤ ትውከቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እያንዳንዱን ቅያሪ ከአንድ ዳይፐርና ከአንድ ባዶ ፌስታል ጋር በየላስቲኩ አሽጉ፤ ሌሊት በጨለማ አንዱን ብቻ መዝዞ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ነው፤ የቆሸሸው በዚያው ፌስታል ይገባል። ዋይፕስ፣ የመቀየሪያ ጨርቅ፣ የሙቀት መለኪያ፣ ወረቀቶቹ በሙሉ በአንድ ፖስታ።

ነጠላ ያዙ። ስታጠቡ ይሸፍናል፣ ሲበርደው ይደረባል፣ ብርሃን ሲበዛ ይከልላል። ፊቱን ግን አትሸፍኑት። አንቀልባ ወይም ሌላ ማዘያ ደግሞ ከጋሪ ይበልጣል። ጋሪውን በር ላይ ይቀበሏችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ በእጅ ነው። ልጅ ታዝሎ ሁለት እጅ ነፃ መሆኑን ቦሌ ፓስፖርት ሰልፍ ላይ ታመሰግኑታላችሁ።

7. የጉዞው ቀን በደለስ

ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የአዲስ አበባ በረራ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሻንጣ ሲመዘን፣ ሲከፈት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ጊዜ ይሄዳል። ሻንጣችሁን ቤት መዝናችሁ ከመጣችሁ ልጁ ሳይርበው ታልፋላችሁ። የሰው አደራ ከተቀበላችሁ ቀድማችሁ ከፍታችሁ አይታችሁ ይሁን፤ ልጅ ይዞ የማያውቁትን ዕቃ መያዝ አይገባም።

ፍተሻው ላይ፣ የፈሳሽ ገደቡ 100 ሚሊ ሊትር ቢሆንም የጡት ወተት፣ የተበጠበጠ ወተትና የሕፃን ምግብ በዚያ አይገደቡም፤ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ያህል ማሳለፍ ይቻላል። የማቀዝቀዣ ጥቅሎችም እንዲሁ። የሚጠበቅባችሁ ከቦርሳው አውጥታችሁ ለሠራተኛው መንገር ነው። ጋሪው በማሽኑ ያልፋል፤ ልጁ በክንዳችሁ።

ጋሪውን በር ላይ ስታስረክቡ ስም የተጻፈበት ወረቀት መታሰሩንና የትኛው ከተማ ላይ እንደምትረከቡት ጠይቁ። ዳይፐሩን ከመሳፈራችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ቀይሩት።

8. በአየር ላይ

ጆሮን የሚያመው የግፊት ለውጥ ነው፤ መፍትሔው መዋጥ ነው። ጡት፣ ጡጦ ወይም ፓሲፋየር ይበቃል። ሁሉም ሰው የሚለው «ሲነሣና ሲያርፍ አጥቢው» ነው፤ ልክ ነው፣ ግን ለአዲስ አበባ መንገድ የምጨምረው አለ። ጆሮ ይበልጥ የሚቸገረው በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ነው። ድሪምላይነር በሚባለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይያዛል። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ስለዚህ ቦሌ ሲያርፉ ጆሮ እምብዛም አይጨነቅም፤ ከቦሌ ሲነሡና ዝቅ ባለ አገር እንደ ደለስ ሲያርፉ ግን ልጁ አፉ ላይ የሚጠባው ነገር ሊኖረው ይገባል። ደለስ ላይ ማረፊያው ሲቃረብ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር፣ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ጀምሩ። ተኝቶ ከሆነና የማያለቅስ ከሆነ አትቀስቅሱት። ጉንፋን የያዘው ልጅ ጆሮው ቶሎ ስለሚደፈን ከመጓዙ በፊት ሐኪም ይየው።

ሲነሣና ሲያርፍ ልጁ በጭናችሁ ይሆናል፤ አስተናጋጇ ከእናንተ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ከሰጠቻችሁ እንዴት እንደሚታሰር አሳዩኝ በሏት። ማዘያው ውስጥ አድርጎ መቀመጥ በዚያን ጊዜ ላይፈቀድ ይችላል። ባሲኔቱ የሚሰቀለው አየር ላይ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲናወጥ ልጁን እንድታነሡት ይነግሯችኋል። ተኝቶም ቢሆን አንሡት።

ለዱቄት ወተት፣ ዱቄቱን በየጡጦው አስቀድማችሁ ለክታችሁ ያዙ፤ ሙቅ ውኃ አስተናጋጆቹን ጠይቁ፤ ከበጠበጣችሁት በኋላ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና በእጃችሁ ጀርባ ላይ ሞክሩ። ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ ብቻውን ውኃ አይጠጣም፤ አየሩ ደረቅ ቢሆንም ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል።

ማልቀሱ አይቀርም። አቅፋችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሽናው በኩል ሂዱ፤ ጨለማና የሞተር ድምፅ ያለበት ቦታ ልጅ ያረጋጋል። በዚህ በረራ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። «አምጪው እስቲ፣ አንቺ ብይ» የሚሉ እናቶች ሁልጊዜ አሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ያልሳሉ ከሆኑ ምግባችሁን እስክትጨርሱ ስጧቸው።

9. ቦሌና አያት ቤት

ቦሌ ሰልፉ ላይ ሕፃን መያዛችሁን ለሠራተኛው ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ያሳልፏችኋል። ተቀባዮች የሚጠብቁት ከተርሚናሉ ውጭ ነው። በረራው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ስለሚደርስ ደጁ ይበርዳል፤ ከሐምሌ ሙቀት የወጣ ልጅ ወደ ክረምት ዝናብ ነው የሚገባው። ኮፍያና ካልሲ ከመውጣታችሁ በፊት ይደረግ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል፤ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ጥላ ነው እንጂ የፀሐይ ቅባት አይደለም።

የሰዓቱ ልዩነት በአሜሪካ በጋ 7፣ በክረምቱ 8 ሰዓት ነው። ቀን መጋረጃ ክፈቱ፣ ሌሊት መብራትና ጨዋታ አይኑር፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢነቃ በጨለማ አጥብታችሁ መልሱት። ጥቂት ቀን ይፈጃል። የሚተኛው በጀርባው፣ ትራስና ከባድ ብርድ ልብስ በሌለበት ነው፤ የአያት ቤት አልጋ ወፍራም ጋቢና ትራስ ስለሚበዛው ተንቀሳቃሽ አልጋ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።

ውኃው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሲፈላ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ አዲስ አበባ ላይ ከ92 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለልጁ የሚሆነው ውኃ መንፈርፈር ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የዱቄት ወተቱ ውኃው ገና ትኩስ ሳለ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጥበጥ፤ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ሙቀቱ ይገድልለታል። ከዚያ አቀዝቅዛችሁ ስጡት።

የቀረው ሰው ነው። አያት ልጁን ስታይ ታለቅሳለች፣ ትስማለች፣ «እሰይ» ትላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። ይህን ደስታ መከልከል አይቻልም፣ አይገባምም። ልጁን መጠበቅ ደግሞ የእናንተ ነው። ሁለቱ የሚታረቁት ከመምጣታችሁ በፊት በስልክ ከተነጋገራችሁ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አትሳሙት» ማለት ሰው ያስቀይማል። ሳምንት ሲቀራችሁ ደውሉና «እማዬ፣ ሐኪሙ እጅ ሳይታጠቡ እንዳይነኩት፣ ከንፈሩን እንዳይስሙት፣ የሚያስል ሰው እንዳይጠጋው ብሎኛል» በሏት። የሐኪም ቃል እኛ ዘንድ ይከበራል። ከዚያ ጥበቃውን ለራሷ ስጧት፦ «አንቺ ተቆጣጠሪልኝ።» ጎረቤቱን የምትመልሰው እሷ ስትሆን ማንም አይቀየምም። ለእጅ መታጠቢያው ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ በር አጠገብ ይቀመጥ።

በግልጽ መነገር ያለባቸው አሉ። ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም የተነከረበት ውኃ ለጨቅላ አይሰጥም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ጀርም ሕፃን ላይ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። ልጁ ሲያስለው ወይም ጡት እንቢ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ልጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እንጥል ማስቆረጥ ደም በማፍሰስና በኢንፌክሽን ይገድላል። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ተቀጣጥሎ እስኪያበቃ ውጭ ይቆይ፤ ልጁ ዕጣንና ጭስ ባለበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይተኛ። ከሰል ቀይ ሆኖ ጭስ ባይታይበትም የሚወጣው ጋዝ ያፍናል። እነዚህን የሚያደርጉ ሰዎች የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ስታስረዱም በዚያው ፍቅር ይሁን፣ ግን አትለሳለሱ።

በደረሳችሁ በመጀመሪያው ቀን የሕፃናት ሐኪም ያለበትን የሚቀርብ ክሊኒክ ስልክና ሌሊት የሚሠራ መሆኑን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን አታቋርጡ፤ ኦአርኤስ በየፋርማሲው ይገኛል፣ መጠኑን ግን ሐኪም ይንገራችሁ። ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ካልረጠበ፣ ከደከመ ወይም አልጠባም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ።

10. መመለሻው

የመመለሻው በረራ ይረዝማል። ከአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚከብድ አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ማረፉ የተለመደ ነው፤ በጠቅላላው ከ16 ሰዓት በላይ አስቡ። አንድ ተጨማሪ ማረፍ አንድ ተጨማሪ የጆሮ ጊዜ ነው። ዳይፐሩን በዚያው ልክ አብዙት። ባሲኔቱንም ለመመለሻው ለየብቻው አስይዙ፤ ልጁ በሄዳችሁበት ጊዜ ክብደት ጨምሮ ጣሪያውን እንዳያልፍ መዝኑት።

ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁን ትኩሳት ቢይዘው፣ ወራት አልፈው እንኳ ቢሆን፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት «ኢትዮጵያ ነበርን፣ ወባ ያለበት ቦታም ሄደናል» የሚለውን ነው። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ወባን በየቀኑ ስለማያዩ ካልተነገራቸው ላያስቡት ይችላሉ፤ የደም ምርመራውን እናንተው ጠይቁ።